«እጅ መንሻ» በገና ካርድ ላይ፦ ስጦታ ነው ወይስ ጉቦ?

ከፒያሳ (ጠያቂ)፦
የተከበራችሁ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ፒያሳ በሚገኝ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ በጽሑፍ አራሚነት እሠራለሁ፤ ታኅሣሥ ከገባ ወዲህ በእጄ የሚያልፈው ሁሉ የገና ካርድ፣ የስጦታ መጠቅለያና የዋጋ ቅናሽ ማስታወቂያ ሆኗል። ሰሞኑን፣ ለሰፈራቸው አረጋውያን ጋቢ ለመስጠት ገንዘብ ያዋጡ ጎረቤታሞች በየጋቢው ላይ የሚሰካ ካርድ አዘዙና «የልደት እጅ መንሻ» ተብሎ እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። የሥራ ባልደረባዬ ቃሉን እንዳየ ሳቀ፤ «ይህ እኮ ጉቦ ማለት ነው፤ ለባለሥልጣን ይሰጣል እንጂ ለደካማ ሽማግሌ ማን እጅ መንሻ ይሰጣል?» አለ። እኔም መልስ አጣሁ። «የገና ስጦታ» ብዬ ላርመው ወይስ እንዳለ ልተወው?

ከአራት ኪሎ፦
እህቴ፣ እባክዎ አያርሙት። ባልደረባዎ የሰሙት የዛሬውን የቢሮ ቋንቋ ነው፤ አዛዦቹ የጻፉት ግን የወንጌሉን ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ 2፥11 ስለ ሰብአ ሰገል ሲናገር «ወድቀውም ሰገዱለት፥ ሣጥኖቻቸውንም ከፍተው እጅ መንሻ ወርቅና ዕጣን ከርቤም አቀረቡለት» ይላል። «እጅ ነሳ» ማለት ጎንበስ ብሎ በአክብሮት ሰላምታ አቀረበ ማለት ነውና፣ መቁረጫ የሚቆርጡበት፣ መጥረጊያ የሚጠርጉበት እንደሆነ ሁሉ እጅ መንሻም እጅ የሚነሱበት፣ ማለትም ከስግደት ጋር አብሮ የሚቀርብ ነገር ነው። የቅደም ተከተሉን ነገር ልብ ይበሉ፦ መጀመሪያ ወደቁ፣ ቀጥሎ ሰገዱ፣ ሣጥኑ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በየሱቁ መስታወት የምናየው ግን ሣጥኑ ብቻ ነው።

ሌላው ቁም ነገር የቃሉ አቅጣጫ ነው። ሽልማት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ችሮታም እንዲሁ። ስጦታ በየትኛውም በኩል ሊሄድ ይችላል። እጅ መንሻ ግን ምን ጊዜም ከታናሽ ወደ ታላቅ የሚወጣ ነው፤ ባልደረባዎን ያሳቃቸውም ይኸው ይመስለኛል፣ ጋቢ ለሌለው ሽማግሌ ወደ ላይ የሚወጣ ቃል ሲጻፍ ስላዩ። ነገር ግን በዚያው በማቴዎስ ወንጌል 25፥40 ላይ ጌታ ከሁሉ ለሚያንሱት የተደረገውን «ለእኔ አደረጋችሁት» ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ጎረቤታሞቹ ያውቁት አይወቁት እንጃ፣ በአንድ ቃል የሃይማኖት ምስክርነት ጽፈዋል፦ ጋቢውን ለሽማግሌው ሲሰጡ ጎንበስ ያሉት በበረት ለተወለደው ንጉሥ ነው። «የገና ስጦታ» ይህን ሊሸከም አይችልም።

ከካዛንቺስ፦
ወንድማችን የጻፉት ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ቃል ማለት ሰሚው የሚሰማው ነው እንጂ መዝገብ የሚነግረን ብቻ አይደለም። ለአንዲት ፊርማ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ሲጠና የኖረ ሰው «እጅ መንሻ» የሚል ካርድ ቢደርሰው ቅር ሊለው ይችላል። ቃሉ ከበሬታውን ያጣው በእኛው ሥራ ነውና ዕዳውን አረጋውያኑ ባይከፍሉ ይሻላል። (በነገራችን ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ጉቦን «መማለጃ» ይለዋል፤ እርሱም ከ«አማላጅ» ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው። ደግ ቃል በክፉ እጅ ሲገባ የመጀመሪያው አይደለም።)

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በካርዱ ላይ የአዋጪዎቹ ስም አለበት?

ከጊዮርጊስ በታች፦
በግእዙ በኩል ጥቂት ልጨምር። መዝሙር 71፥10 (በአማርኛው 72፥10) ስለ ተርሴስ ነገሥታት «አምኃ ያበውኡ» ይላል። «ተአምኀ» ሰላምታ ሰጠ፣ ሳመ ማለት ነው፤ «አምኃ» ደግሞ ሰላምታም ነው፣ ስጦታም ነው። «ያበውኡ» የሚለው ግስም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘን የምንሄደው «መባ» የተገኘበት ሥር ሲሆን፣ ማስገባት ማለት ነው። እንግዲህ ግእዝም እንደ አማርኛው ስጦታን ከሰላምታ ሳይነጥል አስቀምጦታል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን «ሀብት» ነው። ቃሉ «ወሀበ»፣ ሰጠ፣ ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ በግእዝ ትርጉሙ ስጦታ ነው፤ ሀብተ ማርያም ማለት የማርያም ስጦታ እንጂ የማርያም ገንዘብ ማለት አይደለም። በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በየቀኑ የምንመላለስ ሰዎች ስሙን ስንጠራ ስንቶቻችን ይህን እናስባለን? በአማርኛ ግን ሀብት የያዝነው፣ የቆጠርነው፣ የቆለፍንበት ሆነ፤ ሰጪው ከቃሉ ውስጥ ወጥቶ ተቀባዩ ባለቤት ሆኖ ቀረ። በገና ሰሞን ከመርካቶ እስከ ፒያሳ በዕቃ ተጨናንቀን ስንጋፋ፣ አስቀድሞ የተሰጠን አንድያ ልጅ መሆኑ ከሐሳባችን የሚወጣውም በዚሁ መንገድ ይመስለኛል።

ከሠራተኛ ሰፈር፦
ስለ ስጦታው ብዙ ተባለ፤ ስለ ምኞቱስ? ዘንድሮ በብዛት የማየው «መልካም ገና» የሚል ነው። ስሕተት አልለውም፤ ነገር ግን በዚህ ሐረግ ውስጥ ማንም ምንም አያደርግም። «እንኳን አደረሰዎ» ስንል ግን ግስ አለ፣ ባለቤትም አለው፤ ስሙ ባይጠራም ያደረሰው እግዚአብሔር መሆኑን ተናጋሪም ሰሚም ያውቃል። መልሱም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው፤ ሁለቱም ተቀባዮች ናቸው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ሲጾም የከረመ ሰው ይህ «አደረሰ» የሚለው ግስ ምን ያህል መንገድ እንዳለው ያውቃል።

ከፒያሳ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የካዛንቺሱ ወንድማችን የጠየቁትን ሳነብ ናሙናውን ገለጥኩት፤ በጀርባው የ14 አዋጪዎች ስም ከነአባታቸው በደማቁ ተደርድሯል። እውነቱን ለመናገር፣ ቃሉን ወደ ጉቦ የሚጎትተው ይኸው የስም ዝርዝር መሆኑ ታየኝ፤ ሰብአ ሰገል እንኳ በወንጌሉ ስማቸው አልተጻፈም። ለጎረቤታሞቹ ተወካይ፣ ለአንዲት እናት፣ የተወያያችሁትን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ስሙ ይውጣ፤ እጅ መንሻው ይቆይ» አሉኝ።

ስለዚህ በፊት ለፊቱ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ» ይላል፤ ከሥሩ «የልደት እጅ መንሻ»፣ ከዚያም አንባቢው እንዳይደናገር «ማቴዎስ 2፥11» ተጨምሯል። ጀርባው ባዶ ነው። ባልደረባዬ የወረቀቱ ግማሽ ባከነ ብሎ አሁንም ያጉረመርማል።