«ያልበሰለ» ወይስ «እሳት ያልነካው»? ፍራፍሬን ከስስ ሥጋ ጋር ስለሚያቀርብ ቅምሻ የተነሣ የቃላት ጥያቄ

ቃል ለቃሚ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለሞቃት ቀን ግብዣ የሚሆኑ፣ ምድጃ ሳይለኮስ የሚሰናዱ ጥቂት ምግቦችን አሠራር ለጓደኞቼ በአማርኛ እየጻፍሁ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ሜሎን፣ በለስ ወይም ኮክ ይቆረጥና እንደ ፕሮሹቶ (በጨው የሚሰናዳ የጣሊያኖች የአሳማ ሥጋ) ባለ ስስ ሥጋ ይጠቀለላል። የከበደኝ ርእሱ ነው። «ያልበሰለ የፍራፍሬና የሥጋ መክሰስ» ብዬ ጽፌ ለእናቴ አነበብሁላቸው። «ለእንግዳ ያልበሰለ ፍሬ ታቀርቢያለሽ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ቃሉ የሳተው ምኑ ላይ ነው? ሥጋውንስ «ጥሬ» ልበለው? «መክሰስ»ስ ቦታው ነው?

ሰዋስው ወዳድ፦
እናትዎ ትክክል ናቸው። «በሰለ» በአማርኛ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በእሳት የሚሄደው ነው፤ ሥጋው በሰለ፣ ድንቹ በሰለ እንላለን። ሁለተኛው በጊዜ የሚሄደው ነው፤ ፍሬው ዛፉ ላይ በሰለ፣ እባጩ በሰለ፣ ሐሳቡ በሰለ። ሰውንም ዕድሜና መከራ ሲያበስለው «በሳል» እንለዋለን። እንግዲህ «ያልበሰለ» ከሥጋ ጋር ሲውል እሳት ያላየ፣ ከፍሬ ጋር ሲውል ገና እንጭጭ ማለት ነው። እርስዎ ፍሬንና ሥጋን በአንድ ቅጽል ስላሰሯቸው አንባቢው እንጭጭ ፍሬ ከጥሬ ሥጋ ጋር ሊቀርብለት ነው።

ሊሉ የፈለጉት ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ይህ ምግብ የሚያምረው ፍሬው አለቅጥ ሳይለሰልስ በደንብ ሲበስል ነው፤ ሜሎኑ ገና ሳይቆረጥ በእንብርቱ በኩል ሽታው የሚያውድ፣ በለሱ ጣት ሲያርፍበት እሺ የሚል። ስለዚህ «ያለ እሳት የሚሰናዳ» ይበሉት። «ማሰናዳት» እሳትን ግድ አይልም።

ሥጋውም ቢሆን ዝም ብሎ ያልበሰለ አይደለም። ለፕሮሹቶ የአሳማው የኋላ እግር ሙሉውን ጨው ለብሶ ለሳምንታት ይቆያል፤ ከዚያ ጨው ይራገፍለትና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለብዙ ወራት ይሰቀላል። በጣሊያን ፓርማ የሚሠራው ከዓመት በላይ ነው የሚቆየው። ጣሊያኖች ይህን ማቆየት «ስታጆናቱራ» ይሉታል፤ «ስታጆኔ» ማለት ወቅት ነው። ወቅቶች ያለፉበት ሥጋ መሆኑ ነው። የእኛም «በሰለ» ሁለተኛው መንገዱ ይኸው ነው፤ እሳት የሌለበት፣ ጊዜ የሚሠራው መብሰል።

የቃል ዘመድ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ጣሊያኖቹ ራሳቸው «ፕሮሹቶ ክሩዶ» ነው የሚሉት፤ «ክሩዶ» ጥሬ ማለት ነው። በእሳት የበሰለው «ፕሮሹቶ ኮቶ» ይባላል። ባለቤቱ ጥሬ ያለውን እኛ በስሏል ብለን ለምን እናስተባብላለን? የሚበልጠው ነገር ደግሞ ጤና ነው። ነፍሰ ጡር ሴት እሳት ያልነካው ሥጋ እንዳትበላ ሐኪሞች ይመክራሉ። እንግዳዋ «የበሰለ» የሚለውን አንብባ ብታነሣስ?

ሰዋስው ወዳድ፦
ስለ ነፍሰ ጡሯ ያሉትን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ። «የበሰለ ሥጋ» ብለን አንጽፍም፤ እሳት እንዳልነካው በግልጽ እንናገራለን። «ጥሬ» ግን አሁንም አይገባም። «ክሩዶ» እዚያ «ኮቶ» የሚባል ጥንድ ስላለው ማንም አይሳሳትበትም። የእኛ «ጥሬ» ከዚያ ይሰፋል፤ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ያላየ ነው፣ ጥሬ ሐቅ ማብራሪያ ያልተጨመረበት ነው። ጥሬ ማለት እጅ ያልገባበት ነው። ጨው ለብሶ ከዓመት በላይ ሲጠበቅ የኖረ እግር እጅ አልገባበትም ልንል አንችልም።

ፍሬ ነገር፦
«የደረቀ ሥጋ» ብንለውስ? ፕሮሹቶ የሚለው ስም ራሱ ማድረቅ ከሚለው ግሥ ጋር ዘመድ ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦
ብቻውን ከቆመ ያሳስታል። «ደረቅ» ስንል ጥርስ የሚፈትን ነገር ነው የሚታየን፤ እልኸኛውንም «ደረቅ ሰው» እንላለን። ይህን ሥጋ ግን በስሱ ከተቆረጠ በኋላ ወደ መስኮት ቢያነሡት ብርሃን ያሳልፋል፤ ከፍሪጅ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ደግሞ ነጩ ስቡ ይለሰልስና እንደ ሐር ይታጠፋል። «የቆየ ሥጋ»ም አይሆንም፤ እንግዳው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ የምመርጠው «በጨውና በነፋስ የደረቀ ስስ ሥጋ» የሚለውን ነው። ረዥም ነው፣ ግን ማንንም አያታልልም። አሳማ ለማይበላም እንዲሁ ተብሎ ከበሬ ሥጋ የሚሠራው ብሬዛኦላ ይቀርብለታል።

የቃል ዘመድ፦
ይህ ያስማማኛል። ሜሎንን ግን «ሐብሐብ» ብለው እንዳይተረጉሙት አደራ፤ ሐብሐብ ውስጡ ቀይ የሆነው ሌላው ፍሬ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዘኍልቍ 11፥5 «በጢኽ» የሚል ቃል አለው። ውብ ቃል ነው፤ ዛሬ ግን የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ በቅንፍም ቢሆን «ሜሎን» ካልታከለበት አንባቢ ይጠፋል። «በለስ»ም ሁለት ፍሬዎች የሚሻሙበት ስም ነው። ባለ እሾኹን የቁልቋል ፍሬ ይዞ የሚመጣ ሰው ስለሚኖር የትኛው እንደሆነ ይጻፉ።

ፍሬ ነገር፦
ወደ «መክሰስ» ልመለስ። ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት ሰዓት የሚቆጥሩ ስሞች ናቸው። እርስዎ የሚያቀርቡት ግን ከዋናው ማዕድ በፊት የሚመጣ ነው። ጣሊያንኛው «አንቲፓስቶ» ይህንኑ ነው የሚለው፤ «አንቲ» በፊት፣ «ፓስቶ» ማዕድ። ከፓስታ በፊት ማለት የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፣ አይደለም።

መጀመሪያ «አፍ ማሟሻ» ልልዎት ነበር። አዲስ የሸክላ ዕቃ ለሥራ እንደሚሟሽ ሁሉ አፍን ለማዕድ ማሟሸት፤ ምስሉ ደስ ይላል። ነገር ግን ቃሉን ሐሜት ቀድሞ ወስዶታል። «የሰው አፍ ማሟሻ ሆነ» ማለት መነጋገሪያ ሆነ ማለት ነው። «ቅምሻ» ግን ንጹሕ ነው፤ ከ«ቀመሰ» የወጣ፣ ትንሽነትን በውስጡ የያዘ፣ ሆድ እንደማይሞላ አስቀድሞ የሚናገር።

ምራቅንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ይህ ምግብ ምራቅ ያስውጣል እንላለን፤ «ምራቁን የዋጠ ሰው» ስንል ደግሞ በሳል፣ የረጋ ሰው ማለታችን ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ገበታ አጠገብ መገናኘታቸው ደስ ይለኛል።

ቃል ለቃሚ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። መግለጫው ላይ «ጣፋጭና ጨዋማ» ብያለሁ፤ ትክክል ነው? ደግሞም ባለፈው ጊዜ እንግዶች ከመምጣታቸው ሁለት ሰዓት ቀድሜ ጠቅልዬ ባስቀምጥ ሳህኑ ውኃ አቁሮ፣ ሥጋውም ረጥቦ ጠበቀኝ። «መጠቅለል» የሚለው ቃል ይሆን ያሳሳተኝ?

ሰዋስው ወዳድ፦
«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» የሚለውን ያስታውሱ። ጣፍጥ የተባለው ማር አይደለም፣ ጨው ነው! «ጣፈጠ» የስኳር ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሁሉም በየራሱ መንገድ ይጣፍጣል። ስለዚህ «ጣፋጭና ጨዋማ» ሲሉ ሁለቱን ተቃዋሚ ያደርጓቸዋል። ምላስ ላይም ተቃዋሚ አይደሉም፤ ጥቂት ጨው መራራነትን ስለሚሸፍን የፍሬው ስኳር ጎልቶ ይወጣል። «የፍሬው ስኳርና የሥጋው ጨው» ብለው በስማቸው ቢጠሯቸው ይበቃል።

ውኃውን ያመጣው ጨው ነው። ጨው የነካውን ሁሉ ውኃውን ስቦ ያወጣል፤ እግሩ ላይ የሠራውን ሜሎኑም ላይ ይሠራል። ሜሎኑን ቀድመው ቆርጠው ፍሪጅ ያስቀምጡ፣ ሥጋውን ለብቻው። ሊያቀርቡ ሲሉ ፍሬውን በንጹሕ ጨርቅ አደራርቀው ያገናኟቸው። ከፍሪጅ ከወጣ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ።

ቃሉንም ይለውጡት። «መጠቅለል» እንደ ዕቃ ማሰር ነው፤ እጅ ሳያስበው ያጠብቃል። «ማልበስ» ይበሉት። ስሱን ሥጋ በሁለት ጣት አንሥተው ሜሎኑ ላይ ጣል ያደርጉታል፣ ጫፉ ይታጠፋል፣ በስንጥር ይወጋል። የለበሰ ነገር አየር ያገኛል።

ቃል ለቃሚ፦
እንዲህ ጻፍሁት፦ «ያለ እሳት የሚሰናዳ የፍራፍሬ ቅምሻ፣ በጨውና በነፋስ የደረቀ ስስ ሥጋ የለበሰ። ሜሎን፣ ኮክ፣ እሾኽ የሌለው በለስ። ሥጋውን እሳት አልነካውም።» ከላዩ ጥቂት የናና ቅጠል ጨመርሁ።

ለእናቴ አነበብሁላቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ሜሎኑስ በስሏል?» ብለው ጠየቁኝ።