ወንድሜና ገጣባዋ አህያ

የቡሬ ልጅ፦
ሰላም ጤና ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይከብዳል፣ ታገሱኝ። ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። 22 ዓመቱ ነው፣ አይናገርም። ግን አህያችን ከገበያ ሳትገባ አይተኛም። ጀርባዋ ገጣባ ነው፣ ዝንብ እንዳይወራት በጋቢው ጫፍ እሽ እሽ ሲልላት ያመሻል። ባለፈው አንድ ዘመድ መጣና «ሁለቱም አፍ የላቸው፣ ተግባብተዋል» ብሎ ሳቀ። እናቴ ቡናውን ቀድታ ሳትጨርስ ጀበናውን አስቀምጣ ወጣች። እኔም ደሜ ፈላ። በኋላ ግን ለምን እንደተናደድኩ ለራሴ ማስረዳት አቃተኝ። ወንድሜን ስላወረደው ነው? አህያ መሆን ለምን ስድብ ሆነ?

የደብረ ማርቆሱ፦
ወንድም ዓለም፣ ይሄ ነገር ፈላስፎችንም አጣልቷል። ፒተር ሲንገር የሚባል አውስትራሊያዊ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚለው፣ እንስሳን የምንንቀው አያስብም ብለን ከሆነ እንደዚያው ማሰብ የማይችል ሰው ሲመጣ ምን ልንል ነው? ነው። ሐሳቡ እንስሳውን ከፍ ለማድረግ ነበር። ግን ከባድ ጉዳት ይዞ የተወለደ ጨቅላ ይሙት ብሎ መወሰን ለወላጅ ሊፈቀድ ይችላል እስከማለት ሲደርስ አካል ጉዳተኞች ተነሱበት፣ እውነታቸውን ነው። ኢቫ ኪታይ የምትባል አሜሪካዊት ፈላስፋም ተከራክራዋለች። የራሷ ልጅ ከወንድምህ የባሰ ጉዳት አለባት። እሷ የምትለው በእኛ ቋንቋ ሲገባኝ «ሁሉም የእናት ልጅ ነው» ነው። በአእምሮው አትመዝኑት።

መምሬ ነኝ፦
ፈላስፋ ምን አስፈለገ? ሰው በአርአያ ሥላሴ ተፈጥሯል፣ አለቀ። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ተብሎም ተጽፏል። አህያዋን አሳርፏት።

የቅኔ ተማሪ የነበረ፦
መምሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላለቀም። እኔ ቅኔ የቆጠርኩት ዓይነ ስውር የኔታ ዘንድ ነው። አገሩ ሁሉ ጉልበታቸውን ስሞ ነው የሚያልፈው። እዚያው መንደር ግን የማይናገር ልጅ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ሁለቱም አካል ጉዳተኛ ናቸው እኮ! የኔታን ያስከበራቸው ቅኔው ነው፣ ልጁ የሚያሳየው ነገር ስለሌለው ተደበቀ። በሬውንም እንደዚያው ነው የምናደርገው፣ ሲያርስ ቦራ፣ ዳልቻ እያልን በስም እንጠራዋለን፣ ሲደክም የቅርጫ ሂሳብ ይሆናል። ሱናውራ ቴይለር የምትባል በዊልቸር የምትሄድ አሜሪካዊት ሠዓሊ አለች። ልጅ ሆና እንደ ዝንጀሮ ነው የምትሄጂው ይሏት ነበር። አድጋ ያለችው ግን፣ እኔ ዝንጀሮ አይደለሁም ብሎ መሸሽ ሳይሆን ዝንጀሮውን ማን ስድብ አደረገው ብሎ መጠየቅ ይሻላል ነው። ያንተም ጥያቄ ይሄው ነው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦
ክርክሩን ቀጥሉ፣ እኔ ስለ ገጣባው ልበል። ለብ ባለ የጨው ውሃ እጠቡት። ቁስሉ እስኪደርቅ ጭነት የሚባል ነገር አይንካት። ከዳነች በኋላም ኮርቻው ሥር ወፍራምና ለስላሳ ነገር ይነጠፍ፣ አለዚያ ያው ተመልሶ ይላጣል።

የቡሬ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ እህሉ በባጃጅ ይሄዳል። ወንድሜ ጠዋት አህያዋ ሳትጫን ሲያያት ግራ ገብቶት በር ላይ ቆሞ ነበር። የጻፋችሁትን ለእናቴ አነበብኩላት። ፈላስፎቹን ዝም ብላ ሰማችና «ያ ሰውዬ ደግሞ አፍ የላትም ያላት የቷን አህያ ነው? ሌሊት ሙሉ ስታናፋ አላስተኛ ብላኝ!» አለች።