ከጠረጴዛው ላይ አልለቅ ያለ ነጭ ምልክት

የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ትኩስ ድስት ተቀምጦበት የድስቱን ቂጥ የሚያክል ነጭ ክብ ቀርቷል። ጠረጴዛው ሙሉ እንጨት አይደለም፤ ከላይ የተለጠፈው ጥሩ እንጨት 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

ምልክቱ ነጭ ሲሆን እርጥበቱ ማስዋቢያ ቅቡ ውስጥ ታግቷል ማለት ነው፤ ጥቁር ቢሆን ኖሮ እንጨቱ ድረስ ዘልቆ ነበር። ስለዚህ ተስፋ አልቆረጥኩም። ደረቅ ጨርቅ አንጥፌ ለብ ባለ ካውያ ደጋግሜ ዳበስኩት፤ ዳር ዳሩ ደበዘዘ፣ መሃሉ ግን ንቅንቅ አላለም። የቤት ዕቃ ሰም ስቀባው ለጊዜው ተሸፈነና ተመልሶ ብቅ አለ፤ ሰሙን ጠርጌ አነሳሁት። (የጥርስ ሳሙና ሞክር የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ የሚፍቅ ነገር ስለሆነ አላስጠጋሁትም።)

የቅቡን ዓይነት ለማወቅ በማይታየው የጠርዙ ሥር አልኮል ጠብ አደረግኩ። ወዲያው ለስልሶ ጣቴ ላይ ተጣበቀ፤ እንግዲህ ሼላክ (አልኮል የሚያሟሟው የእንጨት ቅብ) ነው ብዬ ገምቻለሁ። አናጺው ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን እንደ አዲስ እንቀባው ይላል፤ በዚህ ስስ እንጨት ላይ ግን አልደፍርም።

አልኮል በጥቂቱ በነካ ጨርቅ ምልክቱን ብቻ በስሱ ባብሰው የታገተው እርጥበት ይወጣል ወይስ የቀረውን ቅብ አበላሽቶ ሌላ ጠባሳ ይተውብኛል?