የአክሱምን ሐውልት መለጠፍ «ሀገር በቀል ኪነ ሕንፃ» ነው ወይ?

የፒያሳ ልጅ፦ ትናንት ማታ በቴሌቪዥን የቀረበውን የሕንፃ ባለቤት ሰማችሁት? ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ ፎቅ ሠርቶ፣ መግቢያው ላይ በአሉኮቦንድ፣ በዚያ ስስ የአሉሚኒየም ልባጥ፣ የአክሱም ሐውልት ቅርጽ አስለጥፎ «ዘመናዊውን ከሀገር በቀሉ አዋሕደናል» ይላል። ደሜ ነው የፈላው። የቱ ከየቱ ጋር ተዋሐደ?

ሲቪሉ፦ ሰውዬው ገንዘቡን አውጥቶ ሠራ። እናንተ ጭቃ ናፋቂዎች ግን ምን ቢሠራ አይጥማችሁም። በሊዝ በዚያ ዋጋ የተገዛ መሬት ላይ ጎጆ ይቀልስ?

የፒያሳ ልጅ፦ ጎጆ ይቀለስ ያለ የለም። መስታወትም ጠላቴ አይደለም። አፍሪካ አዳራሽ ገብተህ እይ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የጣሊያናዊው አርክቴክት የሜዜዲሚ ሥራ ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ግን ራሱ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ማንም ተለጣፊ አይለውም።

ስድስተኛ ፎቅ፦ ጭቃ ናፋቂ የተባልኩት እኔም ነኝ መሰለኝ። ቢሮዬ መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራብ በኩል ስትገባ የኮምፒዩተሩ ጽሑፍ አይታይም፤ ካርቶን በፕላስተር ለጥፈን ነው የምንሠራው። የሚከፈተው መስኮት ጭንቅላት አያስወጣም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ውስጥ በሙቀት እንቀቀላለን! የእናቴ ጭቃ ቤት ቀን ቀዝቃዛ፣ ሌሊት ሙቅ ነው።

ሲቪሉ፦ ይኸው ናፈቀሽ! ምርጊቱ ሲረግፍ ማን ያድሰዋል? ምስጡስ?

አናጢው፦ ለሱ መልስ አለ። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ ቡርኪና ፋሶ ጋንዶ መንደር የሠራው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያለቀ ነው። ጭቃውን ከሲሚንቶ ጋር ቀላቅሎ ጡብ አደረገው፤ ቆርቆሮውን ከውስጠኛው ጣሪያ ከፍ አድርጎ ሰቀለውና ሙቀቱ በመሃል ይወጣል። ክፈፉ ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ዝናቡ ግድግዳውን አይመታም። እ.ኤ.አ. በ2022 ትልቁን የኪነ ሕንፃ ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ የወሰደ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሱ ነው። እሱንም ጭቃ ናፋቂ በለው።

ሲቪሉ፦ አንድ ወለል የመንደር ትምህርት ቤት! የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ቁመቱ 209 ሜትር ነው። ደግሞ ስለ መለጠፍ ካነሣችሁ፣ የአክሱም ሐውልት ራሱ ምንድነው? በሩ አይከፈት፣ መስኮቱ አያሳይ። የእንጨቱን ጫፍ፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባለውን፣ በድንጋይ ጠርበው አስመሰሉት። አባቶቻችን ያስመሰሉትን ሰውዬው ቢያስመስል ምን ነውር አለው?

የፒያሳ ልጅ፦ ሐውልቱ የመቃብር ነው፤ ማንም ሊኖርበት አልቆመም። ሰው የሚገባበትን የትግራዩን የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እይ። እዚያ እንጨቱ ግድግዳውን ያሰረ ነው፣ ጫፉ የወጣው ሥራ ስላለው ነው። ያንተ አሉኮቦንድ ምኑን አሰረ?

የጨንቻዋ፦ ይቅርታ፣ ግን ሀገር በቀል በተባለ ቁጥር አክሱም ብቻ! የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ ፎቅ ያህል ይቆማል። ግርጌውን ምስጥ ሲበላው ያው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። ተሸክመውም ያዛውሩታል። ይህን ማን ጠየቀ?

ሲቪሉ፦ ቀርከሃ ሃያ ፎቅ ይሸከማል?

የጨንቻዋ፦ የተበላሸውን ብቻ አውጥቶ ቀሪውን ማቆየት መቻሉን ነው የነገርኩህ። እናንተ አንድ መስታወት ሲሰበርባችሁ ስንት ወር በላስቲክ ትሸፍናላችሁ?

ብሎክ 12፦ ኮንዶሚኒየምን ምነው ረሳችሁት? ኮሙናሉ፣ የነዋሪው የጋራ ቤት፣ የታሰበው እኮ በግ እንዲታረድበት፣ እንጀራ እንዲጋገርበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት ነው። ፎቅ ላይ ስንወጣ ኑሯችን አብሮን እንዲወጣ። ለኔ ከማንኛውም ሐውልት ቅርጽ ይበልጥብኛል። የኛ ግን ተከራይቶ ሱቅ ሆኗል፤ ለበዓል ደረጃ ላይ ነው የምናርደው።

ሲቪሉ፦ እሱ የኮሚቴያችሁ ጥፋት ነው፣ የሕንፃው አይደለም።

ብሎክ 12፦ ኮሚቴው ሊፍት ለሌለው ቤት የጄነሬተር፣ የጥበቃ፣ የፍሳሽ ማስመጠጫ ገንዘብ ከየት ያምጣ? ኪራዩ እኮ ነው የሚከፍለው። ኮሚቴ ሆነህ ታውቃለህ?

ሲቪሉ፦ ሆኛለሁ። አላከራየንም።

ስድስተኛ ፎቅ፦ የቱ ሳይት ነው እሱ?