ደመወዝ ጨምረን ከሥራ ቀሪው ተመልሶ በዛ፤ የማስሎ ፒራሚድ እዚህ ላይ ይሠራል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ 60 ኦፕሬተሮች ያሉት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ደመወዝ 15 በመቶ ሲጨመር ከሥራ የሚቀረው ሠራተኛ ለሁለት ወር ቀነሰ፤ በሦስተኛው ወር እንደነበረው ሆነ። በሥልጠና የሚሰጠን የማስሎ ፒራሚድ (የሥነ ልቦና ባለሙያው ማስሎ የሰውን ፍላጎቶች ከምግብና ደኅንነት እስከ ክብርና ራስን ማሳደግ የደረደረበት) «የታችኛው ሲሟላ ወደ ላይኛው እለፉ» ይላል። ታዲያ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ሽልማት ይጀመር ወይስ በተሰፋው ቁጥር ቦነስ ይከፈል?

መልስ፣ ከብርሃን፦
ሽልማቱን ለጊዜው ያቆዩት። ማስሎ እ.ኤ.አ. በ1943 ሐሳቡን ሲያወጣ ፒራሚድ አልሣለም፤ ሥዕሉ በኋላ የመጣ ነው። አንዱ ፍላጎት መቶ በመቶ ሳይሟላ ሌላው እንደሚነሣም ራሱ ጽፏል። እንደ መሰላል አይያዙት።

ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኸርዝበርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣው ጥናቱ በፒትስበርግ አካባቢ 200 ያህል መሐንዲሶችና የሂሳብ ሠራተኞች፣ ሥራቸው እጅግ ያስደሰታቸውንና ያስከፋቸውን ጊዜ እንዲያስታውሱ ተጠየቁ። የሚያስከፋው በአብዛኛው የድርጅቱ አሠራር፣ አለቃና የመሳሰለው ሲሆን፣ የሚያስደስተው የተሳካ ሥራ፣ ዕውቅናና ኃላፊነት ሆኖ ተገኘ። ኸርዝበርግ ደመወዝን የመደበው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው፦ ሲጎድል ያስከፋል፤ ሲሞላ ቅሬታን ያነሣል እንጂ የሥራ ፍቅር አያመጣም።

መጀመሪያ የሦስት ወሩን የቀሪ መዝገብ አውጥተው በቀን፣ በፈረቃና በላይን (ልብሱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በሚሰፋበት ረድፍ) ይከፋፍሉት። አንድ ላይን ላይ ብቻ ከበዛ ሱፐርቫይዘሩን ይመልከቱ። ማታ ፈረቃ ላይ ከበዛ ሰርቪሱ የት እንደሚያወርድ ይጠይቁ፤ በጨለማ 20 ደቂቃ በእግሯ የምትሄድ ልጅ የሚያሳስባት ደኅንነቷ ነው፣ የሽልማት የምስክር ወረቀት አይመልሰውም። ቀጥሎ የደመወዝ ስሊፑ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ስሊፑ ላይ ድምሩ ብቻ ካለ ሠራተኛዋ አስልታ ማረጋገጥ አትችልም፤ በትክክል ተከፍሏትም «ተበላሁ» ትላለች። ሰዓቱና ማባዣው ለየብቻ ይጻፍ።

መልስ፣ ዘጠኝ ላይን፦
አብዛኛው ልክ ነው፤ ኸርዝበርግን ግን በጥንቃቄ። ሰው ሲሳካለት ራሱን፣ ሲከፋው ድርጅቱን መጥቀሱ ያለ ነው፤ የጥናቱ ዘዴ በዚህ ተተችቷል። ደግሞም ደመወዙ የቤት ኪራይና አስቤዛ ካልሸፈነ «ሞልቷል» ማለት አይቻልም። ጭማሪው ከኑሮው ውድነት ጋር ይነጻጸር።

ስለ ቦነሱ፦ በቁጥር ብቻ ከተከፈለ ስፌቱ ይዘላል፣ ጠርዙ ይጣመማል፣ ተመልሶ የሚፈታው ይበዛል። የግድ ከሆነ ፍተሻ ያለፈው ብቻ ይቆጠር፤ ክፍያውም በላይን እንጂ በግለሰብ አይሁን። እጅጌ የምትገጥመው ከዘገየች ኮሌታ ሰፊዋ ብትፈጥንም ከእጅጌ ገጣሚዋ ፊት ክምር ነው የሚቆለለው፤ የሚወጣው ሸሚዝ አይጨምርም። በግለሰብ ሲከፈል ደግሞ ፈጣኗ ዘገምተኛዋን ማገዝ ታቆማለች።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ሥራው ራሱ አሰልቺ ነው፤ ኮሌታ ላይ የተመደበች ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ነው። እሱስ?

መልስ፣ ከብርሃን፦
ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ተመራማሪዎቹ ሃክማንና ኦልድሃም እ.ኤ.አ. በ1976 አንድን ሥራ የሚያነሣሡት አምስት ነገሮች ናቸው አሉ፦ የተለያየ ሙያ መጠቀም፣ ሥራውን ከጅምር እስከ ፍጻሜ ማየት፣ ለሌላው ያለው ጥቅም፣ ነፃነት፣ ውጤትን ወዲያው ማወቅ። በቀመራቸው የሦስቱ አማካይ በነፃነትና በውጤት ማወቅ ይባዛል። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከተጠጋ ሌላው ቢሞላም የሚገኘው ቁጥር ይወድቃል ማለት ነው፤ ስፌት ቤት የሚጎድሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ስለዚህ ስሕተት ሲገኝ በቀኑ መጨረሻ በሰው ፊት ከመጮህ፣ በሰዓቱ ውስጥ ልብሱን ይዞ ሄዶ የዘለለውን ስፌት በጣት ማሳየት። የክር ውጥረቱ ሲበላሽ ሳታስፈቅድ ማሽኑን እንድታቆም ሥልጣን መስጠት። ሥራዋ መጨረሻው ምን እንደሚሆን እንድታይ በላይኑ ራስ ላይ ያለቀለትን ሸሚዝ መስቀል። ኮሌታ ሰፊዋ እጅጌ መግጠም ትማር፤ በሳምንት 3 ሰዓት ለ4 ሳምንት መነሻ ይሆናል። በእነዚያ ሳምንታት ታርጌቷ ካልተቀነሰ ግን ሥልጠናውን እንደ ቅጣት ነው የምታየው፤ ብዙ ቦታ የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛውን ሙያ ስትጨርስ የደመወዝ ደረጃዋ ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ በአንድ ደመወዝ ሁለት ሥራ ተጫነብኝ ትላለች፣ እውነትም ነው።

መልስ፣ ዘጠኝ ላይን፦
አንድ ልጨምር፦ ሁሉም መቀያየር አይፈልግም። ሃክማንና ኦልድሃምም የማደግ ፍላጎት ከሰው ሰው እንደሚለያይ በሞዴላቸው አስገብተዋል። ቀድሞ በግል ይጠየቁ፤ ኮሌታዬ ላይ ልቆይ ያለችውን ይተዋት።