ቴስተሮቻችንን ለካሊብሬሽን በጋራ ለመላክ፦ የረቂቅ ሐሳብ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ቴስተሮቻችንንና ኦሲሎስኮፖቻችንን (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳዩትን) በአንድ ዙር ሰብስበን ለካሊብሬሽን፣ ማለትም ንባባቸው ከትክክለኛ ልክ ጋር እንዲነጻጸር፣ ለሥነ ልክ ኢንስቲትዩት እናቅርብ ተባብለን ነበር የተለያየነው። ረቂቁ ቅዳሜ ለሥራ አመራር ይቀርባል። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «እያንዳንዱ አባል መሣሪያውን አጽድቶና አስተካክሎ ያመጣል።» የጎደለውን ጨምሩበት።

አባል፣ ከሕክምና መሣሪያ ጥገና፦ «አስተካክሎ» የሚለው ይውጣልኝ። በቅንነት እንደጻፉት አውቃለሁ፤ ግን እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። አምና ቴስተሬ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያነባል ብዬ፣ ከመላኬ በፊት ከፍቼ ትሪመሯን (ንባቡን የምታስተካክለውን ትንሽ ማዞሪያ) በካቻቢቴ ነካ አደረግኳት። የላቦራቶሪው ወረቀት «ደህና ነው» ብሎ መጣ። ደስ አለኝ። ቆይቶ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ቴስተር የለካኋቸው የሆስፒታል ማሽኖችስ? ስንት ያህል ይሳሳት እንደነበር የሚነግረኝን ቁጥር በገዛ እጄ አጠፋሁት። ላቦራቶሪው መሣሪያው እንደመጣ ምን እንደሚያነብ ይመዝግብልን። ማስተካከሉ ከዚያ በኋላ ነው።

አባል፣ ከመርካቶ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ፊውዝ ግን መታየት አለበት። የተቃጠለ ፊውዝ ይዘን ከሄድን አምፔሩ ሳይለካ ይመለሳል። በፊውዙ ፋንታ በሽቦ የሚያገናኝም አለ፤ ያ ቴስተር ለካሊብሬሽን ቀርቶ ለሚይዘው ሰውም አደጋ ነው። ፍሉክ 87 የሚባለው ቴስተር ያላችሁ ፊውዙን ሳትከፍቱ ማየት ትችላላችሁ። ኦም ላይ አድርጉት፤ ገመዱን ቮልት ቀዳዳው ላይ ሰክታችሁ ጫፉን «A» የተጻፈበት አምፔር ቀዳዳ ውስጥ (mA ከሚለው ሳይሆን) አስገቡ። ከ0.5 ኦም በታች ካነበበ ደህና ነው።

አባል፣ ከአዳማ፦ የኔ ኦሲሎስኮፕ፣ ቴክትሮኒክስ 2465ቢ፣ አሮጌ ነው። የካሊብሬሽን ቁጥሮቹን የሚይዘው በባትሪ በሚደገፍ ሜሞሪ ነው። ባትሪው ከሞተ ወይም ከተነቀለ ቁጥሮቹም አብረው ይሄዳሉ። ልጆቼ፣ «አርጅቷል» ብላችሁ እንዳትነቅሉት። አስቀድመን ላቦራቶሪውን እንጠይቅ፦ መጀመሪያ ንባቡን መዝግቦ፣ ባትሪው ሲቀየር እንደገና ማስተካከል ይችላል ወይ?

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ያንን ጥያቄ ከዋጋው ጋር ሰኞ እጠይቃለሁ። ለማንጠቀምበት ሬንጅም (የመለኪያ ክልል) እንዳንከፍል እያንዳንዱ የሚለካበትን ይጻፍ። ወረቀቱም «አልፏል» ብቻ ሳይሆን የተነበበውን ቁጥርና ልኬቱ በምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ይያዝ።

ጸሐፊ፦ አመሰግናለሁ። «አስተካክሎ» ወጥቷል። አሁን እንዲህ ይነበባል፦

«አባሉ መሣሪያውን ከውጭ ያጸዳል፤ የቴስተሩን ባትሪና ፊውዝ ያያል፤ ፊውዝ ከቀየረ በትክክለኛው ዓይነት ይቀይራል። የውስጥ ማስተካከያ አይነካም። የራሱን የቴስተር ገመዶች፣ የኃይል ገመዱንና የቀድሞውን ሰርተፊኬት አብሮ ያመጣል። የታየውን ችግር፣ የተቀየረውን ዕቃና የሚለካባቸውን ሬንጆች በወረቀት ጽፎ ይለጥፋል። ሜሞሪው በባትሪ የሚደገፍ መሣሪያ ለብቻ ይመዘገባል።»

ወረቀቱን እኔ አባዛለሁ። ኦሲሎስኮፕ የምታመጡ ወፍራም ስፖንጅ አትርሱ፤ ፒክአፑ ላይ እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩብን።