ተጠማዘዘ፣ ተጠላለፈ፣ ተጋመደ፦ ለክር የቱ፣ ለሰውስ የቱ?

ቦርከና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ነኝ፤ የምሠራው ክር መፍተያ ክፍል ነው። ማሽኑ አጠገብ «ክር ሲጠማዘዝ ማሽኑን አቁሙ» የሚል አሮጌ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ነባሮቹ ሠራተኞች ባነበቡት ቁጥር ይስቃሉ። ክር ካልተጠመዘዘማ ጥጥ ሆኖ ሊቀር ነው! አሁን አዲስ ጻፊ ተብያለሁ። ለማለት የተፈለገው ሁለት ክሮች እርስ በርስ ገብተው ሲያዙ ነው።

ሌላም አለ። ሁለት ባልደረቦቻችን ጡረታ እየወጡ ነው። አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን፤ በአንድ ፈረቃ አብረው ያረጁ፣ ልጆቻቸው እንደ ወንድማማች ያደጉ። ለስንብት ካርዱ አንድ ልጅ «ሕይወታቸው የተጠላለፈ» ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ቅር አለኝ፤ ግን በምን ልተካው?

የጦሳ ልጅ፦
አብሽሪ፣ ቀላል ነው። ለማሽኑ «ሲጠላለፍ» በይ። ለሰዎቹ ግን እንዳትሞክሪው። ሰውና ሰው ተጠላለፉ ከተባለ አንዱ የአንዱን እግር ጠለፈ ማለት ነው። «የመጠላለፍ ፖለቲካ» ሲባል አልሰማሽም? በሽኝታቸው ቀን ልታጣያቸው ነው።

ሸማኔው፦
የጦሳ ልጅ ልክ ነው፤ ስለ ክሩ ግን ቸኩሎ አለፈ። የታጠበ ጋቢ ውሃው እንዲወጣ ይጠመዘዛል። የሰው እጅም ይጠመዘዛል። በእኛ ሙያ ግን ባዘቶ በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ ጠበቅ ሲል ከረረ እንላለን። ሁለት ፈትል አንድ ላይ ሲሆን ይገመዳል።

መግመድ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ነጠላው ክር በተፈተለበት አቅጣጫ አይገመድም፤ በተቃራኒው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ዜድ (Z) እና ኤስ (S) የምትሉት ይሄንኑ ነው፤ የፊደሎቹ መሐል የሚያጋድልበትን አቅጣጫ ተከትሎ የወጣ ስም ነው። ተቃራኒ ሲሆን አንዱ የሌላውን ጉልበት ይይዝለታል፣ ክሩም ረግቶ ይቀመጣል። አንዱን ክር ብቻ አብዝተሽ ካከረርሽው ደግሞ ላላ ሲል ራሱ ላይ ተጠቅልሎ ቋጠሮ ይሠራል።

ስለዚህ ማስታወቂያሽ ሁለት ችግር ይለይ። ሁለት ክር እርስ በርስ ከተያያዘ «ሲጠላለፍ»። አንዱ ክር በራሱ ላይ ከተጠቀለለ «ከመጠን በላይ ሲከር»። የመጀመሪያውን በእጅ ትፈቺዋለሽ። ሁለተኛው ማሽኑ ካልተስተካከለ ተመልሶ ይመጣል። ለነገሩ ሰውም እንደዚያ ነው፦ ነገር ከረረ፣ አቋሙን አከረረ፣ አክራሪ ሆነ እንላለን።

ቦርከና፦
እድሜ ይስጥዎ ጋሼ። ሁለተኛውንማ በየቀኑ ነው የምናየው። ለካርዱስ «የተወሳሰበ» ቢባል?

እታለም ከወረኢሉ፦
ውይ እህቴ! የተወሳሰበ ነገር የሚሄደው እኮ አስታራቂው አበጋር ዘንድ ነው። ተቀምጠው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ውሉ እስኪገኝ። ለወዳጅ አይሆንም።

«የተጋመደ» በይው። «የተሳሰረ»ም ያስኬዳል፤ ግን ሰውን ሌላ ሰው አስሮት ሊሆን ይችላል። የሚጋመደው ራሱ ነው፣ በጊዜ ብዛት። ተጋምዶ ጠነከረ ሲባል ነው የማውቀው እንጂ ተጋምዶ ተጣላ ሲባል አልሰማሁም። ደግሞ አደራ፣ ሊያምርልኝ ብለሽ «ወዳጅነት ጎነጎኑ» እንዳትይ። መጎንጎንና መሸረብ ፀጉር ላይ ያምራሉ። ሰው ላይ ሲመጡ የሚከተላቸው ሴራ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
እታለም ውሉ ስትል አንድ ነገር አስታወሰችኝ። የልቃቂት ክር ጫፉ ሲጠፋ ውሉ ጠፋ እንላለን፤ ስምምነትም ውል ነው። የውጫሌ ውልን ውሰዱ፤ ውጫሌ ያው የአምባሰሏ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መሄድ ይቻላቸዋል ሲል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። አድዋ ድረስ ያደረሰው ውዝግብ ከዚያ ነው የተነሣ። እህታችን ግስ ፍለጋ ብትጨነቅ አይፈረድባትም።

የጦሳ ልጅ፦
ታሪኩ ደግ ነው፣ ማሽኑ ግን እየጠበቀ ነው። «ሲተበተብ»ስ አይሆንም?

ሸማኔው፦
አይሆንም። መተብተብ ዙሪያውን አስሮ ማስቀረት ነው። ሰው በዕዳ ይተበተባል፣ በሱስ ይተበተባል። ክር ከክር ጋር አይተባተብም።

ኦፕሬተር ነበርኩ፦
ሦስተኛውን ሁላችሁም ዘለላችሁት፤ እሱ ነው እጅ የሚበላው። ጥጡ ሲጣበቅ ወይም የክፍሉ እርጥበት ሲዛባ የጥጡ ጭረት ሮለሩ፣ ማለትም ጥጡን የሚስበው ተሽከርካሪ ዘንግ ላይ ይዞራል። ይሄ መጠላለፍ አይደለም፣ መጠምጠም ነው። ሠራተኛው ማሽኑ ሳይቆም በስለት ቆርጦ ሊያወጣ ይሞክራል። «ሲጠላለፍ» ብቻ ከጻፍሽ ይሄኛው አይመለከተኝም ብሎ እጁን ይከታል። ለብቻው ጻፊው።

ቦርከና፦
እንዲህ አደረግኩት፦
«ክር ከክር ሲጠላለፍ፦ ማሽኑን አቁመው ይፍቱ። ክር ከመጠን በላይ ሲከር፦ ለቴክኒሻን ይንገሩ። ጥጥ ሮለር ላይ ሲጠመጠም፦ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም እጅም ስለትም አያስገቡ።»
ካርዱ ላይ ደግሞ፦ «በአንድ ፈረቃ የተጋመደ ወዳጅነት።»

ኦፕሬተር ነበርኩ፦
የሮለሩን ከላይ አድርጊው፣ በቀይ። ሰው ቆሞ የሚያነበው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው።

እታለም ከወረኢሉ፦
ካርዱ ተዋጥቶለታል። ስማቸውን ግን ጎን ለጎን ጻፊ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እንዳታደርጊ።